ከሩቅ የማዘዝ ጥበብ ታሪክ

የእጅ ስልክ ገጽ ያለ ሽቦ በኮምፒዩተር ላይ ሲታይ፣ ስልኩም ከዚያው ሆኖ ሲታዘዝ ባየን ጊዜ፣ የዚህ ጥበብ መነሻው ከወዴት ነው ብለን ጠየቅን።

እ.ኤ.አ. በ1898 ኒኮላ ቴስላ በኒው ዮርክ ከተማ ሰው የሌለባትን ትንሽ ጀልባ በሬዲዮ ሞገድ ብቻ ነድቶ ተመልካቹን አስደነቀ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ያሉ ተመራማሪዎች አንዱን ኮምፒዩተር ከሌላው ለማየትና ለማዘዝ የሚያስችለውን ቪ.ኤን.ሲ. የተባለ ፕሮግራም ለሕዝብ በነፃ አበረከቱ። በ2018 ስክርሲፒ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የአንድሮይድን፣ በ2024 ደግሞ አፕል ኩባንያ የአይፎንን ገጽ ወደ ኮምፒዩተር አመጡ።

አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ስልኩ የገጹን ምስል ጨምቆ በዋይፋይ ይልካል፤ ኮምፒዩተሩም የማውዙንና የፊደል ገበታውን ትእዛዝ ይመልስለታል።

ይሁን እንጂ የቴስላ ጀልባ ባዶ ነበረች፤ የዛሬው ስልክ ግን መልእክታችንን፣ ገንዘባችንንና የቤተ ሰባችንን ምስጢር ተሸክሟል። ስልኩ አስቀድሞ የባለቤቱን ፈቃድ የሚጠይቀው ስለዚህ ነው። እኛም ተማሪዎች «ፍቀድ» የሚለውን ከመንካታችን በፊት አዛዡ ማን እንደሆነ እንወቅ፤ ጥበብ የሚጠቅመው ትእዛዙ ከባለቤቱ እጅ ሳይወጣ ነውና።