ስሙን ሳይሆን አንገቱን እንይ

እኛ ነጋዴዎች ዕቃን በስሙ መግዛት ልማዳችን ነው። የድሮ የጃፓን ኤሌክትሪክ ጊታር ግን ይህን ልማድ ያስጥላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቴይስኮን የመሳሰሉ ፋብሪካዎች ለአሜሪካ ገበያ ርካሽ ጊታር ይልኩ ነበር፤ ብዙ አስመጪዎችም የየራሳቸውን ስም ያስለጥፉበት ነበር። የአንድ ፋብሪካ ሥራ በብዙ ስም ተሸጠ። በ1967 ፒያኖ ሠሪው ካዋይ ቴይስኮን ጠቀለለው።

እኛም አንድ ጊዜ በስምና በቀለም ተታለን ገዛን። ለካ አንገቱ ጎብጧል፤ የጥገናው ሂሳብ ትርፋችንን በላው።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ አንገቱን በአንድ ዓይን አነጣጥረን እናያለን፤ ቀጥሎ ድምፁን በማጉያ እንሰማለን። አንገቱ ቀና ከሆነ አዲስ ክር መግጠም፣ የክሩን ከፍታ ማስተካከልና የቆሸሹ ማብሪያዎችን ማጽዳት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል። የተለጠፈ ስም ይላጣል፤ የጎበጠ እንጨት ግን ኪስ ያራቁታል።