የሃይማኖት ነፃነት ሕግ ከመንግሥት ደጅ እስከ ገበያ

ሕግ ስለ ምን ነገር እንደ ተሠራ ሳይመረምሩ በሕጉ ላይ መፍረድ አይገባም። በአሜሪካ የሃይማኖት ነፃነት ሕጎች ነጋዴውንና ደንበኛውን ያከራከሩበት ምክንያትም ከመነሻው ሲታይ ይገለጣል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በኦሪጎን ግዛት ሁለት ሰዎች በአገሬው ተወላጆች ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ፔዮቴ የሚባለውን ቁልቋል ስለ ቀመሱ ከሥራ ተባረሩ፤ ሥራ ላጣ ሰው የሚሰጠውንም ገንዘብ ተከለከሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1990 ለሁሉ የወጣ ሕግ አምልኮን ቢነካ እንኳ ይጸናል ብሎ ፈረደባቸው። በዚህ ብዙ ሰው ስለ ደነገጠ፥ በ1993 የአገሩ ምክር ቤት መንግሥት ያለ ታላቅ ምክንያት በሰው አምልኮ ላይ ከባድ ሸክም እንዳይጭን የሚከለክል ሕግ አወጣ። በ1997 ግን በቴክሳስ፥ በቦርኒ ከተማ፥ ስለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ማስፋፊያ በተነሣው ሙግት ይህ ሕግ ግዛቶችን አያስርም ተባለ። ስለዚህ ብዙ ግዛቶች ለየራሳቸው እርሱን የሚመስል ሕግ ሠሩ።

እንግዲህ ሕጉ አማኙን ከመንግሥት ክንድ የሚከልል ጋሻ ነበረ፤ ጭንቁ የመጣው ነጋዴው ጋሻውን በደንበኛው ፊት ባነሣ ጊዜ ነው። አሳቡ ግን ከሕጉ ይቀድማል፤ በደቡብ ካሮላይና አንድ የምግብ ቤቶች ባለቤት ጥቁሮችን ከነጮች ጋራ ማስተናገድ ሃይማኖቴ ይከለክለኛል ቢል፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1968 ክርክሩን ፍሬ ቢስ አለው። በኒው ሜክሲኮም አንድ የፎቶግራፍ ድርጅት የሁለት ሴቶችን የቃል ኪዳን ሥርዐት አላነሣም ባለ ጊዜ፥ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 የሃይማኖት ነፃነት ሕጉ መንግሥት ተሟጋች ባልሆነበት ክርክር አይሠራም ብሎ ፈረደ።

የኢንዲያና ግዛት በ2015 በመጋቢት ወር ያወጣው ሕግ ግን መንግሥት በሌለበት ሙግትም እንዲጠቅሱት ፈቀደ፤ የንግድ ማኅበርንም በሕጉ ተጠቃሚ አደረገ። ወዲያው ከነጋዴዎች ሳይቀር ታላቅ ተቃውሞ ስለ ተነሣ፥ በሳምንቱ ሕጉ ደንበኛን በዘሩ፥ በሃይማኖቱ ወይም በሌላ እንዲህ ባለ ምክንያት ለመመለስ ፈቃድ እንደማይሰጥ ተጨመረበት፤ አብያተ ክርስቲያናትና ካህናት ግን ከዚህ ክልከላ ተለዩ።

የነጋዴው ኅሊናም የደንበኛውም ክብር ከባድ ነገር ነውና፥ ሕግ ሠሪ ጋሻው በማን ፊት እንደሚነሣ አስቀድሞ በግልጥ ሊጽፍ ይገባዋል። ዛሬ በሱቁ ደጅ ሌላውን የሚመልስ አማኝ፥ ነገ ከሌላው ሱቅ ደጅ በሃይማኖቱ ምክንያት የሚመለስ እርሱ ራሱ ሊሆን ይችላልና።