የጠበቃ ፍለጋ፤ ከመጽሐፍ መደርደሪያ እስከ ኮምፒዩተር

የጥብቅና ሥራ ከውጭ ለሚመለከተው ሰው በችሎት ቆሞ መናገር ይመስለዋል። ከንግግሩ በፊት ያለው የፍለጋ ድካም ግን ከዚያ ይበልጣል። በተለይም በአሜሪካ፣ የበላይ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ በሥሩ ላሉት ፍርድ ቤቶች በተመሳሳይ ጉዳይ አስገዳጅ ስለሆነ፣ ጠበቃው ለደንበኛው የሚበጀውንም ሆነ የሚጎዳውን ውሳኔ አስቀድሞ ማግኘት ይኖርበታል። እርሱ ያላገኘውን ባላጋራው ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህም ይህን ፍለጋ ለማቅለል የተሠሩት መሣሪያዎች ታሪክ የጠበቃው ብቻ ሳይሆን የመሐንዲሱም ታሪክ ነው። (የውጭ አገር ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።)

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የታተሙት ውሳኔዎች እየበዙ ሲሄዱ ሁለት መላዎች ተገኙ። ፍራንክ ሼፐርድ የተባለው ሰው በ1873 በኢሊኖይ፣ አንድ ውሳኔ በኋለኞቹ ውሳኔዎች የት የት እንደተጠቀሰ የሚያመለክቱ ጀርባቸው ሙጫ የተቀባ ወረቀቶች እያሳተመ መሸጥ ጀመረ፤ ጠበቃውም በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ ይለጥፋቸው ነበር። ጆን ዌስት በ1872 በሚኔሶታ ያቋቋመው የማተሚያ ድርጅት ደግሞ ከጊዜ በኋላ ውሳኔዎቹን በየርእሰ ጉዳያቸው እየለየ በቁጥር መደባቸው። በሁለቱም ዘዴዎች መካከል ውሳኔውን አንብቦ ቦታውን የሚወስን ሰው ነበር። ፈላጊው የሚሳካለት ያ ሰው እንዳሰበው ያሰበ እንደሆነ ነው።

ይህን መካከለኛ ሰው ያስቀረው ሐሳብ የመነጨው ከአንድ የቃል ለውጥ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በፔንሲልቫኒያ ሕጎች ውስጥ የሚገኘው «ዘገምተኛ ሕፃን» የሚለው አነጋገር «ልዩ ሕፃን» በሚል እንዲተካ ተፈለገ። በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የሕግ ባለሙያ ጆን ሆርቲ ሕጎቹን ተማሪዎች እንዲያነቧቸው ቢያደርጉም፣ ሥራው ቢደገምም ከስሕተት አልጸዳም። በዚህ ጊዜ ሆርቲ የሕጎቹን ሙሉ ቃል በካርድ ላይ አስበስተው ኮምፒዩተሩ ቃሉን ራሱ እንዲፈልገው አደረጉ። በ1960ም ዘዴውን ለአሜሪካ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ አሳዩ።

ከሰባት ዓመት በኋላ የኦሃዮ ጠበቆች ማኅበር የክፍለ ሀገሩን ሕጎችና ውሳኔዎች በዚህ ዓይነት ለማስገባት፣ ለአየር ኃይል የጽሑፍ ፍለጋ ዘዴ ካዘጋጀ አንድ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። በ1968 ሚድ የተባለው የወረቀት አምራች ድርጅት ያን ኩባንያ ገዛው፤ ይበልጥ የተመኘው ግን ኩባንያው የያዘውን የቀለም መርጫ የኅትመት ጥበብ ነበር። የሕጉ ፍለጋ እንደ ተጨማሪ ዕቃ አብሮ የመጣ ነው። ይኸው ተጨማሪ ዕቃ በ1973 ሚያዝያ ወር መጀመሪያ ላይ ሌክሲስ በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ሥራውን የመሩት ጄሮም ሩቢን ጠበቃው ያለ አማላጅ ራሱ ከመሣሪያው ፊት ተቀምጦ እንዲፈልግ ይሹ ነበር። በ1975 ዌስትም የራሱን አገልግሎት ከፈተ፤ በመጀመሪያ ያስገባው ግን ሙሉውን ውሳኔ ሳይሆን አዘጋጆቹ የጻፉትን አጭር መግለጫ ነበር።

በቀናት ይለካ የነበረው ፍለጋ በደቂቃዎች መለካት ጀመረ። ነገር ግን ፍጥነቱ ያመጣውን መተማመን የለካው ሰው አልነበረም። በ1985 ብሌርና ማሮን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን ለኩት። በአንድ ታላቅ ክርክር ውስጥ ወደ 40,000 የሚጠጉ፣ ገጻቸው 350,000 ያህል የሚሆን ሰነዶች በኮምፒዩተር ገብተው ነበር። ጠበቆቹ ከሚያስፈልጓቸው ሰነዶች ቢያንስ 75 ከመቶውን እንዳገኙ ያምኑ ነበር፤ በጥናቱ የተገኘው ግን በአማካይ 20 ከመቶ ያህል ነው። ምክንያቱ የመሣሪያው ብልሽት አልነበረም። ጠበቃው «አደጋ» ብሎ ሲፈልግ፣ ሰነዱን የጻፈው ሰው «ሁኔታ»፣ «ችግር» ወይም «ክስተት» ብሎ ጽፎት ተገኘ። ኮምፒዩተሩ የተጠየቀውን ቃል በታማኝነት አቀረበ፤ ስላልተጠየቀው ዝም አለ። ጠበቃውም ዝምታውን «የለም» ብሎ ተረጎመው።

በ2023 በኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት የታየው ጉዳይ የዚሁ ስሕተት ግልባጭ ነው። ጠበቆች በአዲሱ ጽሑፍ አመንጪ ኮምፒዩተር ተማምነው ከቶ ያልተሰጡ ውሳኔዎችን ጠቅሰው በማቅረባቸው ፍርድ ቤቱ 5,000 ዶላር አስቀጣቸው። የቀድሞው መሣሪያ ያለውን ይሰውር ነበር፤ አዲሱ ደግሞ የሌለውን ፈጠረ። በሁለቱም ጊዜ የጎደለው መልሱን ከመዝገቡ ጋር የሚያመሳክር ሰው ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ባሉ ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ እንዲሆን ደንግጓል። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ የተሰጠን ውሳኔ መፈለግ ለኢትዮጵያዊው ጠበቃም የዕለት ሥራ ሆኗል። በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ችግሩ ይጠናል። አንዱ ጸሐፊ «ሕግ»፣ ሌላው «ህግ» ብሎ ይጽፋል፤ ለጆሮ አንድ የሆኑት ቃላት ለኮምፒዩተሩ ልዩ ልዩ ናቸው። «ውል» የሚለውም ቃል «በውሉ»፣ «የውሎች»፣ «እንደተዋዋሉት» እየሆነ ስለሚመጣ፣ ቃሉን ብቻ የጠየቀ ሰው ብዙውን ሊያጣ ይችላል። ሞክሼ ፊደላትን የማያስታርቅ፣ የቃሉን ሥር ከቅጥያው የማይለይ መሣሪያ ቢፈጥንም የሚያሳየው ጥቂቱን ነው።

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ብሂል እንደሚያስረዳው፣ ባለጉዳዩን የሚያንገበግበው የጠፋው ሀብት ብዛት ሳይሆን በተገቢው መንገድ ሳይዳኝ መቅረቱ ነው። በፍለጋ ጉድለት ሳይጠቀስ የቀረ ውሳኔ እንዲህ ያለች ጭብጦ ናት። ስለሆነም መሣሪያውን የሚሠራው መሐንዲስ ከፍጥነቱ ጋር ምን ያህሉ እንደሚያመልጠው ለክቶ መናገር፣ የሚገለገልበትም ጠበቃ ይህንኑ መጠየቅ ይገባቸዋል።