የአቶ ሳምሳ ሽርሽር

በ1954 እ.ኤ.አ. ያጊ ካዙኦ የተባለ የኪዮቶ ሸክላ ሠሪ ቶኪዮ ውስጥ ባሳየው ዐውደ ርእይ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ሥራ አቀረበ፡፡ ቁመቱ ከ30 ሳንቲ ሜትር ያንሳል፡፡ እንደ ቀለበት የከበበ፣ መሐሉ ባዶ የሆነ፣ በጠርዙ የቆመ ሸክላ ነው፡፡ በዙሪያው አጫጭር ቱቦዎች በቅለውበታል፤ ከታች ያሉት እግር ሆነው ያቆሙታል፣ የቀሩት አፋቸውን በየአቅጣጫው ከፍተዋል፡፡ እኛ የእንስራን ክፍሎች አፍ፣ አንገት፣ ሆድ እያልን በሰው አካል ስም ስለምንጠራ፣ ይህን ዕቃ ስናይ መደንገጣችን አይቀርም፤ አፉ ብዙ ነው፣ ከአንዱም ግን አይቀዳም፡፡

ሠሪው «የአቶ ሳምሳ ሽርሽር» ብሎ ሰየመው፡፡

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ስሙ ከየት እንደመጣ ለማወቅ አይቸገሩም፡፡ ፍራንዝ ካፍካ በ1915 ባሳተመው «ሜታሞርፎሲስ» ውስጥ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ጨርቅ የሚሸጠው ግሬጎር ሳምሳ አንድ ማለዳ ተባይ ሆኖ ይነቃል፡፡ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው እሱ ነበር፡፡ መሥራት ባቃተው ጊዜ ግን ሸክም ሆነ፤ ክፍሉም የአሮጌ ዕቃ ማከማቻ ተደረገ፤ እዚያው ሞተ፡፡ ከጥቅም ውጭ የሆነ ዕቃ ዕጣ ይኸው ነው፡፡ ያጊ ግን ካፍካ ከቤት ያላስወጣውን ሳምሳ እግር ሰጥቶ ለሽርሽር አወጣው፡፡ በእኔ አስተያየት የሥራው ድፍረት ከቅርጹ ይልቅ በስሙ ላይ ነው፡፡

ያጊ በ1918 ኪዮቶ ውስጥ ከሸክላ ሠሪ አባት ተወለደ፡፡ ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1948፣ ሱዙኪ ኦሳሙንና ያማዳ ሂካሩን ከመሳሰሉ ወጣቶች ጋር «ሶዴይሻ» የተባለውን ማኅበር መሠረተ፡፡ ስሙ በጥንታዊ የቻይና ሸክላ ቅብ ላይ የሚታየውን፣ ትል በጭቃ ውስጥ ሲሳብ የሚተወውን ዱካ የመሰለ መስመር ያመለክታል፡፡ የሸክላ ክብር ከሻይ ሥርዓትና ከአበባ አደራደር ጋር ተሳስሮ በኖረበት በኪዮቶ፣ ምንም የማይዝ ሸክላ መሥራት ቀልድ አልነበረም፡፡

በእርግጥ በዚያ ዘመን ሸክላን ለቅርጻ ቅርጽ ያዋለው ያጊ ብቻ አይደለም፡፡ አሜሪካዊው ቀራፂ ኢሳሙ ኖጉቺ ጃፓን ውስጥ የሠራቸውን የሸክላ ሥራዎች በ1952 ካማኩራ ላይ አሳይቷል፡፡ ነገር ግን ኖጉቺ ወደ ጭቃው የመጣው ከውጭ ነው፤ የሚያፈርሰው የአባቱን ሙያ አልነበረም፡፡ ያጊ ቀለበቱንም ቱቦዎቹንም ያበጀው ሳህንና ጽዋ በሚወጣበት በዚያው መንኩራኩር ላይ ነው፡፡ (ያለ መንኩራኩር በእጃቸው ብቻ ገንቦ ለሚያቆሙት ለእኛ አገር ሸክላ ሠሪዎች ይህ ነጥብ እንግዳ ሊሆንባቸው ይችላል፡፡) ለዘመናት ዕቃ ሲያወጣ የኖረውን መሣሪያ ዕቃ ላልሆነ ነገር አዋለው፤ መንኩራኩሩ አጋድሞ የሠራለትንም ቀለበት አንሥቶ አቆመው፡፡

ከ1957 ጀምሮ ደግሞ ወደ ጥቁር ሸክላ አዘነበለ፡፡ ይህ በዝቅተኛ ሙቀት እየተተኮሰ በጭስ የሚጠቁር ነው፤ መልኩ ጀበናችንን ያስታውሳል፡፡ እንዲህ ያለ ሸክላ ውሃ ያሰርጋል፡፡ ለገበያ ጉድለት የሆነው ይህ ጠባዩ ያጊን የሚያሳስበው አልነበረም፤ «ምን ይቀመጥበታል?» የሚለውን ጥያቄ ገና ከጅምሩ ይዘጋለታልና፡፡

ያጊ በ1979 አረፈ፤ ሶዴይሻም በ1998 ተበተነ፡፡ ሙያው ምን እንደሆነ ሲናገር ራሱን «የጽዋ ሠሪ» ይል ነበር፤ የሻይ ጽዋና የአበባ ማስቀመጫ መሥራቱንም አልተወም፡፡