አንድ ገጽ መዝለል

አንዲት የማኅበራችን እህት ልጇ ከተቀመጠበት መነሣት እንዳቃተው፣ ጎረቤት ደግሞ «እርግማን ነው» እያለ እንደሚያማት እዚህ ቆሼ በስብሰባችን ላይ ነገረችን። ከዚያ በኋላ የዚህን በሽታ ታሪክ ፈልገን አነበብን።

ዱሼን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የወንድ ልጆችን ጡንቻ የሚያመነምነውን ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በዝርዝር ጻፈ። ጡንቻን ከመጎዳት የሚጠብቀው ዲስትሮፊን የተባለው ፕሮቲን የታወቀው ግን በ1987 ነው። ፕሮቲኑ የሚሠራበት መመሪያ 79 ክፍሎች አሉት። እኛ ሂሳብ የምንይዝ እናውቀዋለን፦ ከመዝገብ ገጽ ሲቀደድ የዞረው ሂሳብ ከቀጣዩ ገጽ ጋር አይገጥምም። አዲሱ መድኃኒት አንድ ተጨማሪ ገጽ አስዘልሎ ሂሳቡን ያገጣጥማል። ፕሮቲኑ ያጥራል፤ ግን ሊሠራ ይችላል።

አሜሪካ የመጀመሪያውን መድኃኒት ኤቴፕሊርሰንን በ2016 ፈቀደች፤ አውሮፓ ግን በ2018 ማስረጃው አልበቃኝም አለች። የሚስማማው ከ100 ሕሙማን ለ13ቱ ያህል ብቻ ነው፤ ዋጋውም በዓመት በመቶ ሺዎች ዶላር ይቆጠራል። መድኃኒቱ ወደ ጡንቻ፣ ይልቁንም ወደ ልብ፣ በደንብ አይገባም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ወደ ጡንቻ የሚያደርሰው ሌላ ሞለኪውል እያያያዙበት ይሞክራሉ።

እስከዚያው ሐኪም የሚያዘው ፕሬድኒሶሎን ልጆች የሚራመዱበትን ጊዜ ያራዝማል። ጉድለቱ ከእናት ሊወረስ ይችላል፤ ከሦስት አንዱ ያህል ግን በልጁ ላይ አዲስ የመጣ ነው። ቢወረስም የእናት ጥፋት አይደለም። እህታችን ልጇን ሐኪም ዘንድ ስትወስድ አብረናት እንሄዳለን።