የቮልስዋገን መብራትና ማርሽ፤ ከቮልፍስቡርግ እስከ ኮልፌ ቀራንዮ

አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ከገባ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1907 ቤድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ከጠረፍ ተነሥቶ በብዙ ድካም መኪናውን ወደ ዐፄ ምኒልክ ከተማ እንዳደረሰ የታሪክ መጻሕፍት ይነግሩናል። ከዚያ ወዲህ በአገራችን ስለ መኪና የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ ማን እንዳስመጣውና ማን እንደተሳፈረበት የሚተርክ ነው። መኪናው ከገባ በኋላ ማን እንደጠገነው፣ ያረጀውን ዕቃ በምን እንደተካው፣ ፋብሪካው የተወውን ጉድለት እንዴት እንዳቃናው የሚናገር ጽሑፍ ግን እጅግ ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከዚህ ሰፊ ታሪክ አንዲት ትንሽ ክፍል ቆንጥሮ ለማኅበራችን አባላት ማቅረብ ነው። ይኸውም በተለምዶ ቮልስ እየተባለች የምትጠራው የቮልስዋገን መኪና የፊት መብራቷና የማርሽ ዘንግዋ በየዘመኑ እንዴት እንደተሻሻሉ፣ በተለይም በኮልፌ ቀራንዮ ጋራዦች ይህ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን የሚመለከት ነው።

የመኪናዪቱ ዘመን

በፈርዲናንድ ፖርሽ የተነደፈችው ይህች መኪና በብዛት መመረት የጀመረችው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቃት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1945 በቮልፍስቡርግ ፋብሪካ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1972 የፎርድን ሞዴል ቲ የምርት ብዛት አልፋ ሄደች፤ የመጨረሻዪቱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን 500 ሺህ በላይ ተሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ1948 ብቅ ያለው ፖርሽ 356 የተባለው የስፖርት መኪናም ሆነ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው ካርማን ጊያ ብዙ ክፍሎቻቸውን ከዚህችው ትሑት መኪና የወሰዱ ናቸው። በመሆኑም የአንድ የቮልስ ባለቤትና የአንድ ውድ የስፖርት መኪና ባለቤት ችግራቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ሁለቱም በደከመ መብራትና በላላ ማርሽ ይቸገራሉ።

በአገራችን ቮልስ በተለይ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ ዓመታት የመምህሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛውና የነጋዴው መኪና ሆነች። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቶች ተለዋወጡ፤ የመለዋወጫ ዕቃ ጠፋ፤ ተመልሶም ተገኘ። እርስዋ ግን እስከ ዛሬ ከጎዳናዎቻችን አልጠፋችም። ይህ ዕድሜ የመጣው ከፋብሪካው ጥበብ ብቻ ሳይሆን ከጠጋኞቻችን እጅም ጭምር ነው። የጠጋኞቹ ቋንቋ ራሱ የሙያው ታሪክ መዝገብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬቻ፣ ካንዴላ፣ ቶርኖ የሚሉት ቃላት የጣልያንኛ ቅርስ ናቸው። የጀርመኗን መኪና ስንፈታም ሆነ ስንገጥም የምንነጋገረው በእነዚሁ ነው።

የ6 ቮልት ዘመንና ሒሳቡ

ቀደምቶቹ ቮልሶች በ6 ቮልት የሚሠሩ ነበሩ። የፊት አምፖላቸው 45 ዋት ለረጅም መብራት፣ 40 ዋት ለአጭር መብራት ነበር። ሒሳቡን እንመልከት። ሁለት ባለ 45 ዋት አምፖሎች በ6 ቮልት ሲበሩ 15 አምፔር ይስባሉ። በማብሪያው፣ በገመዱና በመጋጠሚያዎቹ ላይ ያለው ተቃውሞ በጠቅላላ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ነው ብንል እንኳ 1.5 ቮልት በመንገድ ይቀራል። አምፖሉ ዘንድ የሚደርሰው 4.5 ቮልት ይሆናል ማለት ነው። የአምፖል ብርሃን ደግሞ በግምት ከቮልቱ 3.4 ርቢ ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ቮልቱ በሩብ ሲቀንስ ብርሃኑ ከግማሽ በታች፣ ወደ 38 በመቶ ይወርዳል። ቀድሞ የነበሩ አሽከርካሪዎች «የቮልስ መብራት ሻማ ነው» ቢሉ አልተሳሳቱም።

ፋብሪካው ራሱ ይህን ተረድቶ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1967 ባሉት ዓመታት አብዛኛዎቹን ሞዴሎች ወደ 12 ቮልት አሸጋገረ። በርካሹ ሞዴል ላይ ግን 6 ቮልት ለጥቂት ዓመታት ቀጥሏል። በ12 ቮልት ያው የአምፖል ኃይል በግማሽ አምፔር፣ ማለትም በ7.5 አምፔር ይሠራል። ያው ተቃውሞ ቢኖርም የሚባክነው ከአንድ ቮልት በታች ስለሆነ የብርሃኑ 80 በመቶ ያህሉ ይተርፋል። ልብ ይባል! የአምፖሉ ዋት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ኃይሉ የሚጓዝበት ሁኔታ ነው። የመብራት ማሻሻል ታሪክ ሁሉ በዚህች ነጥብ ላይ የቆመ ነው።

አንድ ምሽት በአለም ገና መንገድ

ይህን ትምህርት እኔ የተማርኩት ከመጽሐፍ አልነበረም። ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅሁ በሁለተኛው ዓመት የአጎቴን ባለ 12 ቮልት ቮልስ ላሳምር ተነሣሁ። ኤች 4 የተባለው ባለ ሁለት ክር ሃሎጅን አምፖል እ.ኤ.አ. በ1971 ከወጣ ጀምሮ የቀድሞውን አምፖል እየተካ መምጣቱን አውቅ ነበር። የተለመደው 60 እና 55 ዋት ነው። እኔ ግን የባሰ ደማቅ ፈልጌ 100 እና 90 ዋት የሆነውን ከነመብራት ቤቱ ገዝቼ በአሮጌው ገመድ ላይ ገጠምኩ።

በቮልስ ላይ እያንዳንዱን የፊት መብራት የሚጠብቀው ፊውዝ 8 አምፔር ነው። የእኔ አምፖል ደግሞ በረጅም መብራት ከ8 አምፔር በላይ ይስብ ነበር። ፊውዙ በተደጋጋሚ ሲቃጠልብኝ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቀለልኩት። ለዚህ ሥራዬ ዛሬም አፍራለሁ። አንድ ምሽት ከአየር ጤና ወደ አለም ገና ስወርድ ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ወጣ፤ ወዲያውም ሁለቱም መብራቶች ጠፉ። በመንገዱ ጠርዝ አህዮቻቸውን እየነዱ የሚሄዱ ሰዎች ከጥቂት ደቂቃ በፊት አይቼ ነበር። በዚያ ጨለማ ወዴት እንዳሉ ሳላውቅ ፍሬን ያዝኩ። መኪናዪቱ ስትቆም የሰዎቹ ድምፅ ከመስኮቴ አጠገብ ተሰማ። አንድም ሰው አልተነካም። ይህ ግን በእኔ ጥንቃቄ የመጣ አልነበረም።

በማግሥቱ መኪናዪቱን አስጎትቼ በአየር ጤና አካባቢ ረጅም ዘመን በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ወደኖሩ አንድ ባለሙያ ዘንድ ወሰድኩ። የቀለጠውን ማብሪያ አውጥተው በእጃቸው ላይ አገላብጠው አዩት።

«ጋሼ፣ ፊውዙ እየተቃጠለ አስቸግሮኝ ነው» አልኳቸው።

«ፊውዙማ ሥራውን ሠራ፤ አፉን ያፈንከው አንተ ነህ» አሉኝ። ቀጥለውም አንድ ወፍራም ገመድ ከባትሪው ቀጥታ ወደ አንደኛው አምፖል አገናኙ። መብራቱ ግድግዳውን እንደ ቀትር ፀሐይ አበራው። «አየህ ልጄ፣ አምፖሉ ምን አጠፋ? መንገዱ ነው የጠበበው።»

ቤቴ ገብቼ አሰላሁት። ሁለት ባለ 100 ዋት አምፖሎች 16.7 አምፔር ያህል ይስባሉ። በዚያው አንድ አሥረኛ ኦም ላይ የሚባክነው ሙቀት 28 ዋት ያህል ነው። በፋብሪካው አምፖል ግን ከ6 ዋት አይበልጥም ነበር። አምፔሩ በእጥፍና ሩብ ገደማ ቢያድግ ሙቀቱ በአምስት እጥፍ ያድጋል። ከዚህም በላይ በቮልስ አሠራር ፊውዙ የሚገኘው ከማብሪያው በኋላ ነው፤ ከባትሪ ወደ ማብሪያው የሚመጣው ገመድ ፊውዝ የለውም። ስለዚህ እሳቱ ሊነሣ የሚችለው ፊውዝ በማይደርስበት ሥፍራ ነበር። ዲግሪዬን የሰጠኝ ትምህርት ይህን ሁሉ ይዟል፤ እኔ ግን ለማስላት አልደከምኩም ነበር።

የሪሌው ሥራ

ባለሙያው ያደረጉት ማስተካከያ በዓለም ዙሪያ የአሮጌ መኪና ወዳጆች የሚያደርጉት ነው። ከባትሪው ተነሥቶ የራሱ ፊውዝ ያለው 4 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ወደ ፊት ዘረጉ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሆነ ይህ ገመድ ረጅም ነው። ከፊት ሁለት ሪሌዎች፣ አንዱን ለአጭር፣ አንዱን ለረጅም መብራት ገጠሙ። በዚህ አሠራር አሮጌው ማብሪያ አምፖሉን መሸከሙ ቀርቶ የሪሌውን ጥቅል ሽቦ ብቻ ያዛል፤ ይህም የአንድ አምፔር ጥቂት ክፍልፋይ ነው። ትልቁ አምፔር በሪሌው በኩል በአጭር መንገድ ያልፋል።

ጀርመንኛ የማያነብ ሰው ይህን እንዴት እንደሚገጥም የሚጠይቅ ይኖራል። መልሱ በቁጥር ነው። በጀርመን የመኪና ደረጃ መሠረት 30 የባትሪ መስመር፣ 31 ማሳ፣ 56 የፊት መብራት፣ 56ሀ ረጅም፣ 56ለ አጭር መብራት ነው፤ ፊደሎቹ በላቲን ቢጻፉም ትርጉማቸው ይኸው ነው። በሪሌው ላይ 85 እና 86 የጥቅል ሽቦው ጫፎች ሲሆኑ፣ 30 ገቢ፣ 87 ወደ አምፖሉ የሚወጣው ነው። የኮልፌው ባለሙያም ሆነ የሽቱትጋርት መሐንዲስ እነዚህን ቁጥሮች በአንድ ዓይነት ያነባቸዋል።

ከዚያ በኋላ የ100 ዋቱን አምፖል አስወግደው 60 እና 55 ዋት ገጠሙልኝ። የ12 ቮልቱ ዲናሞ ጠቅላላ አቅም 360 ዋት ያህል በመሆኑ፣ ለመብራት ብቻ 200 ዋት መውሰድ ባትሪውን ማስራብ ነው። የማሳውን መጋጠሚያ እስከ ብረቱ ፍቀው አጸዱ። ከመቀመጫው ሥር ያለውን ባትሪም ክዳን አበጁለት፤ የመቀመጫው ሞላ የባትሪውን ጫፍ ቢነካ መኪና ያቃጥላልና። በመጨረሻ መብራቱ በርቶ ሳለ በባትሪውና በአምፖሉ መካከል ያለውን የቮልት ልዩነት ለኩ። ከግማሽ ቮልት በታች ነበር። ሥራው ማለቁን ያወቁት በዓይን ሳይሆን በዚህ ልኬት ነው።

እዚህ ላይ ለባልደረቦቼ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። አገራችን ከግራ ወደ ቀኝ መስመር የተዛወረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። የአጭር መብራት መስታወት ጨረሩን ወደ መንገዱ ጠርዝ ከፍ አድርጎ እንዲጥል ተደርጎ ይሠራል። በግራ መስመር ለሚነዳባቸው አገሮች የተሠራ መስታወት በእኛ መንገድ ላይ ቢገጠም ከፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ያሳውራል። ሪሌ የተገጠመለት ጠንካራ መብራት ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

የማርሽ ዘንጉ ነገር

ስለ ማርሽም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በቮልስ ላይ ካምቢዮው ከኋላ፣ የማርሽ ዘንጉ ከፊት ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው በወለሉ መካከለኛ ዋሻ ውስጥ የሚያልፍ ረጅም የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ ከፊት በአንዲት ቡሺንግ ላይ ይንሸራተታል፤ ከኋላ መቀመጫ ሥር ደግሞ ጎማ ወይም ፕላስቲክ ባለው መጋጠሚያ ከካምቢዮው ጋር ይያያዛል። ቡሺንግዋና መጋጠሚያው ሲያረጁ ዘንጉ ይዋልላል። በቮልስ የኋላ ማርሽ የሚገኘው ከሁለተኛው ጎን፣ ወደ ታች ተጭኖ ወደ ግራ በመሳብ ነው። ስለዚህ ዘንጉ ሲላላ ወይም ከሥሩ ያለው ማገጃ ዝርግ ብረት ተገልብጦ ሲገጠም፣ ሁለተኛን የፈለገ አሽከርካሪ የኋላ ማርሽ ሊያገኝ ይችላል።

በአሜሪካ፣ በተለይም በካሊፎርንያ፣ እንደ ኢምፒ ያሉ ድርጅቶች ለቮልስ የተሻሻለ የማርሽ ዘንግ ሠርተው መሸጥ ከጀመሩ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። የአሠራሩ ምሥጢር የማንሻ ሕግ ነው። ለምሳሌ ከመዞሪያው በላይ ያለው ክንድ 30፣ ከታች ያለው 5 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ እጅ 12 ሴንቲሜትር ሲሄድ ዘንጉ 2 ሴንቲሜትር ይሄዳል። የታችኛውን ክንድ ወደ 7 ሴንቲሜትር ብናሳድገው ያው ሥራ በ9 ሴንቲሜትር ባልሞላ የእጅ ጉዞ ይፈጸማል። ነገር ግን ጉዞ ሲያጥር የሚያስፈልገው ጉልበት ይጨምራል፤ በመጋጠሚያውና በካምቢዮው ውስጣዊ ክፍሎች ላይ የሚያርፈው ጫናም እንዲሁ።

ይህ ለአዲስ አበባ አሽከርካሪ ትርፍ ነገር አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ የ1300ው ሞዴል 40 የፈረስ ጉልበትም ወደ 32 ይጠጋል። ዳገት የሚወጣ አሽከርካሪ ማርሽ የሚለውጠው በቆላ ካለው ይልቅ ደጋግሞ ነው። እኔም አጭር ዘንግ እንዲገጠምልኝ ስጠይቅ ባለሙያው «መጀመሪያ ያረጀውን እንለውጥ፤ ከዚያ ካልበቃህ ታሳጥራለህ» አሉኝ። ቡሺንግዋን ከናይለን ቶርኖ ቤት አስጠረቡ፤ መጋጠሚያውን ከሶማሌ ተራ ገዛን። ማርሹ እንደ አዲስ ሆነ። አጭሩን ዘንግ እስከ ዛሬ አላስገጠምኩም።

ለማኅበራችን የሚቀረው ሥራ

ከዚህ በላይ እንደተመለከትነው፣ ቮልፍስቡርግ ቮልቱን በእጥፍ ሲያሳድግም ሆነ የኮልፌው ባለሙያ ሪሌ ሲገጥሙና ቡሺንግ ሲያስጠርቡ የሠሩት አንድ ነው፤ በመንገድ የሚባክነውን ፈልገው አጠፉ። ልዩነቱ የፋብሪካው ሥራ በሥዕልና በመመሪያ መጽሐፍ መመዝገቡ፣ የኮልፌው ግን በአንድ አረጋዊ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ መቀመጡ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪናዎች በጥገና ብቻ የሚኖሩ ሆነዋል። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ቢሆኑ ከገመድ፣ ከመጋጠሚያና ከሙቀት ሕግ አያመልጡም፤ በእነርሱ ላይ የሚሄደው አምፔርና ቮልት ከቮልስ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ አባላት በየአካባቢያቸው የሚያውቋቸውን ነባር ባለሙያዎች እየጠየቁ፣ የገመድ ሥዕሉን እየነደፉ፣ ልኬቱን እየመዘገቡ ለዚህ መጽሔት እንዲልኩ በአክብሮት አሳስባለሁ። የመጀመሪያውን ሥዕል እኔ አዘጋጅቼአለሁ። ለባለሙያው ባሳየኋቸው ጊዜ የ85 እና የ86ን ሥፍራ ካጣሩ በኋላ አንድ ነገር ብቻ አረሙኝ፤ ከባትሪው አጠገብ ያለውን ፊውዝ ሳልሥል ቀርቼ ነበር።