ታክስ ያሰፋው ጣሪያ

እንጀራዬ የመኪና የሸራ ጣሪያ መስፋት ነው፤ ያውም እንግሊዞች በካርቶን በካርቶን ገዝተው በገዛ ጋራዣቸው ለሚገጣጥሟቸው ክፍት መኪኖች። መኪናው እኔ ዘንድ ሲደርስ ሞተሩ ተቀምጧል፣ ቀለሙ ደርቋል፣ የባለቤቱም ኪስ ተራቁቷል። ጣሪያ የሚታወሰው ዝናብ ሲመጣ ነው። በዚህ በእንግሊዝ አገር ደግሞ ዝናብ ክረምትን ጠብቆ አይመጣም።

ባለቤቶቹን ዝንጉ ናችሁ አልላቸውም። የእነዚህ መኪኖች ነገር ገና ከጅምሩ እንዲህ ነው፤ ጥፋቱም የታክስ ነው። እንግሊዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1940፣ የግዢ ታክስ የሚባል ደነገገች። ተገጣጥሞ ያለቀ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ይከፍል ነበር፤ ዕቃውን ለየብቻ ገዝቶ ራሱ የሚገጥም ግን ከዚህ ታክስ ያመልጥ ነበር። የሎተስ መኪና ኩባንያው ኮሊን ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1957 ሎተስ ሰቨንን ሲያወጣ በዚህች ቀዳዳ ነበር የሾለከው። መኪናዋ የብረት ቱቦ አጽም፣ አልሙኒየም ልብስና አራት ጎማ ናት፤ በር እንኳ የላትም። ሕጉ የመገጣጠሚያ መመሪያ አብሮ እንዳይሸጥ ስለከለከለ፣ ቻፕማን የመፈታቻ መመሪያ ሰጥቶ ገዢው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንዲያነበው አደረገ ይባላል። እውነትም ይሁን የጋራዥ ወሬ፣ እኔ ሲነገር ሰምቼ አልጠግበውም።

ለሰፊ ግን ይህ ብልሃት ዕዳ ነው። መኪናውን የገጠመው ፋብሪካ ስላልሆነ የፊት መስታወቱ ከመኪና መኪና አንድ ዓይነት አይቆምም። አንዱ ትንሽ ወደ ኋላ አጋድሞ ያስረዋል፣ ሌላው ቀጥ ያደርገዋል፣ ሦስተኛው ብሎኑን አጥብቆ ክፈፉን ያጣምመዋል። ጣሪያው ከመስታወቱ ጋር የሚያያዘው ደግሞ ከላይኛው ጠርዝ ላይ በተደረደሩ፣ ተጭነው በሚዘጉ ቁልፎች ነው፤ ሴቴው ሸራው ላይ፣ ወንዴው ክፈፉ ላይ። በጥቂት ሚሊሜትር ከሳቱ አይገጥሙም፤ በጉልበት ቢገጥሙም ሸራው ተሸብሽቦ ውሃ ያቁራል።

ቁልፉ ራሱ ለመኪና ታስቦ አልተሠራም። ጀርመናዊው ሄሪበርት ባወር እ.ኤ.አ. በ1885 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ለልብስ ነበር። ልብስ ላይ በሁለት ቁልፍ መካከል ክፍተት ቢኖር ማን ይጎዳል? መኪና ላይ ግን ነፋሱ መስታወቱን ዘሎ ሲያልፍ ከጣሪያው በላይ ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ሸራው ወደ ላይ ይነፋል፣ በቁልፎቹ መካከል ያለው ጠርዝም አፉን ይከፍታል። ዝናቡ በዚያ ገብቶ ነጂው ጭን ላይ ያርፋል።

ከዚህ የከፋው ግን መርፌ ነው፤ የመርፌና ውሃ የማያስገባ ጨርቅ ጠብ ከመኪናም ይቀድማል። ቻርልስ ማኪንቶሽ የተባለ የግላስጎው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1823 ጎማን በናፍታ (naphtha) አሟሙቶ በሁለት ጨርቅ መካከል በመለጠፍ ውሃ የማያስገባ ጨርቅ ሠራ። ናፍታውን ያገኘው የድንጋይ ከሰል ጋዝ ሲመረት ከሚተርፈው ሬንጅ ነበር። ጨርቁ ድንቅ ነበር፤ ልብስ ሰፊዎች ካፖርት ሊሰፉበት በመርፌ ሲወጉት ግን በየስፌቱ ማፍሰስ ጀመረ። ኬሚስቱ የዘጋውን ሰፊው ከፈተው። እኔም የምሰፋው ጎማ በሁለት ጨርቅ መካከል የተጣበቀበትን ሸራ ነው፤ ጠቡም ያው ነው። ስለዚህ በመስታወቱ በኩል ያለውን ጠርዝ ስሰፋ የስፌቱ መስመር ለሰማይ እንዳይጋለጥ ሸራውን አጥፌ ከታች እደብቀዋለሁ፤ ከፊቱም ክፈፉን አልፎ ወደ መስታወቱ የሚወርድ ምላስ እተውለታለሁ። ገንዘብ ያለው ደንበኛ ከመጣ ቁልፎቹን ትቼ ጠርዙ ውስጥ ገመድ እሰፋና ክፈፉ ላይ በተገጠመ የአልሙኒየም ቦይ ውስጥ አንሸራትተዋለሁ። ያኔ በመካከል አፍ የሚከፍት ቦታ የለም። ቪኒል የመረጡ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው፤ በብርድ ይደርቃል፣ ያጥራልም፤ ጠዋት ጠዋት ሳያሞቁት ጫፍ ለጫፍ አይደርስላቸውም።

የግዢ ታክሱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1973 ቀርቶ በተጨማሪ እሴት ታክስ ተተካ፤ አዲሱ ታክስ ካርቶኑንም አይምርም። በዚያው ዓመት ሎተስ የሰቨንን መብት ካተርሃም ለተባለ ኩባንያ ሸጠ። ምክንያቱ ሞቶ ልማዱ ግን አልሞተም፤ ካተርሃም ዛሬም መኪናውን ሳይገጣጠም ይሸጣል፣ ሰዎችም ለደስታቸው ሲሉ ገዝተው ይገጥሙታል። ከእነሱ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የፊት መስታወቱ ብሎን የመጨረሻውን ጥብቀት አግኝቶ ሳያልቅ ለልኬት አይጥሩኝ። ከዚያ በኋላ የሸራውን መሐል በጠመኔ አሰምርና ከመሐል ወደ ዳር እየሳብኩ በልብስ መቆንጠጫ እይዘዋለሁ፤ የወንዴዎቹን ቁልፎች ቀዳዳ የምበሳው በመጨረሻ ነው።